ቁልቁለቱ የመረጠው መኪና

የፊያት 682 ዘር የሆነው ከባድ መኪና ኤንትሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወደሰው ጉልበቱ ነው። ተሳቢውን ከነጭነቱ ይዞ ዳገቱን ይወጣል፣ አይሰበርም፣ አይደክምም ይባልለታል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ ሞተሩ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ኤንትሬም 200 አልሞላም። ዛሬ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች ብዙዎቹ ከ400 ያልፋሉ። በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንዲህ ያለው መኪና በአገራችን ተራሮች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተሳቢ እየጎተተ መኖሩ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ከባድ ተሳቢ የሚታመነው የጎተተውን መልሶ መያዝ ለሚችል መኪና ነው።

ይህን ያስተማረው መንገዱ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆዩበት ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ፣ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የተዘረጋው መንገድ የባሕሩን ዳርቻ ከደጋው ጋር አገናኘ። በዚሁ መንገድ ላይ በጣርማ በር የተፈለፈለው ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ ቁልቁለቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ከነተሳቢው 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ1,000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ በፔዳሉ ብቻ ከተማመነ ያ ሙቀት በአብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። የጋለ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፣ መኪናውን በሞተር ይይዛል። የናፍጣ ሞተር በራሱ እምብዛም ስለማይይዝ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ፍሬን በከባድ መኪኖች ላይ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው ለረጅም ዘመን በቀኝ በኩል የነበረውም ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው። እነዚህ ሁሉ በፈረስ ጉልበት ውስጥ የማይቆጠሩ፣ ግን ነፍስ የሚያድኑ ነገሮች ናቸው።

ጉልበት የሌለው መኪናም አደገኛ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዳገት መሃል የቆመ ተሳቢ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፤ እየተጎተተ የሚሄድም ከኋላው ያሉትን ትዕግሥት አሳጥቶ ያለ ቦታው እንዲቀድሙ ይገፋፋል። ሆኖም ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም። ዳገት ያቃተው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ እየሞተ ስለሚሄድ ለሹፌሩ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቁልቁለት ያቃተው ግን በየሜትሩ ፍጥነት እየጨመረ ጊዜ ይነሳዋል። ሁሉም ነገር የሹፌሩ ችሎታ ነው የሚለው ክርክርም ከግማሽ በላይ አይሄድም። ረዳቱ ታኮ ይዞ ቢዘልም፣ ሹፌሩ ጠቢብ ቢሆንም፣ አንዴ ያመለጠ 30 ቶን በጥበብ አይመለስም።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው መቃወሚያ ዛሬ ቴክኖሎጂ ችግሩን ፈትቶታል የሚለው ነው። በከፊል ፈትቶታል። ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር የሠራው የአየር ፍሬን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቱቦው ቢበጠስ ራሱ እንዲይዝ ተሻሻለ፤ ይህ ሐሳብ በኋላ ወደ መኪና ተሳቢም መጣ። ቀደም ሲል በአውሮፓ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ ፍሬን የሚይዝ ሰው ነበር፤ የአየር ፍሬኑ ያን ሰው ከአደጋ አወጣው። ነገር ግን ጎታቹና ተሳቢው አብረው አያረጁም። ባለቤቱ ጎታቹን በአዲስ ይቀይርና ተሳቢውን እንደያዘ ይቀጥላል። የአዲሱ ጎታች ፍሬን ቶሎ ይይዛል፤ የአሮጌው ተሳቢ አየር ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይም ከነጭራሹ ደካማ ነው። ያኔ ጭነቱ ከኋላ ይገፋል፤ በተለይ መንገዱ እርጥብ ከሆነና ጎታቹ ከተሳቢው ከቀለለ መኪናው መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ መኪና የሚመርጥ ሰው ከሞተሩ በፊት የሁለቱ ፍሬን አብሮ መያዙን፣ የጎታቹን የራሱን ክብደትና የመጋጠሚያውን አቅም ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መሞከር ያለበትም ጎታቹ ብቻውን ቆሞ ሳይሆን ያንኑ የሚጎትተውን ተሳቢ ከነጭነቱ አስሮ ነው።