ቢጫው ከላይ ነው ከታች?

ስሙኝማ። ሐዋሳ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ሰፈር፣ አንዲት እትዬ አሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ «ጉዴን አወጣኸው» ብለው ቡናቸውን ቢከለክሉኝ እኔው ነኝ የምጎዳው። እኚህ እትዬ ከማድ ቤታቸው ጀርባ በእንጨትና በላስቲክ የተሠራች ጠባብ ቤት አለቻቸው። ጆንያ በአፈር ሞልተው፣ በየጆንያው ቲማቲም ተክለው፣ በገመድ ወደ ጣራ ሰቅለውታል። ሜዳ ላይ ያለ ተክል የጎደለውን ሥሩን ዘርግቶ ይፈልጋል። ጆንያ ውስጥ ያለው ግን ከተሰጠው በቀር የት ይሄዳል? የእትዬ ቲማቲም የሚበላውም የሚጠጣውም ከእትዬ እጅ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ጎረቤት መቼም ቢጫ ቅጠል ካየ ሐኪም ነው። አንዱ ገባና «ውሃ አነሰው» አለ። ሌላዋ «ውሃ በዛበት» አለች። አንድ ጋሼ ደግሞ ከአጥር ወዲያ አንገታቸውን አስግገው፣ «ዩሪያ ነው እንጂ! ዩሪያ አቅምሺው፣ በሳምንቱ ጥቁር አረንጓዴ ይሆንልሻል» አሉ። ዓይን በልቶት ነው ያለም አልጠፋ። እትዬ ጋሼን ሰሙ። በየጆንያው ዩሪያ በተኑ፣ ውሃ አጠጡ፣ ጠበቁ።

ቢጫው አልለቀቀም። እንዲያውም የቅጠሉ ዳር ዳር እሳት የላሰው መሰለና ደረቀ። ማዳበሪያ፣ ዩሪያም ቢሆን አፈር ውስጥ ሲለወጥ፣ ጨው ይሆናል። በጠባብ አፈር ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ይሳነዋል፤ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ያን ጊዜ ሰው «አሁንም አልበቃውም» ብሎ ይጨምራል። ስንት ጓሮ በዚህ መንገድ እንደጠፋ ቤት ይቁጠረው።

የእህታቸው ልጅ የግብርና ተማሪ ነው። የሚማርበት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ነው። ቅዳሜ ለምሳ መጣና ላስቲክ ቤቱን ገለጥ አድርጎ አየ።

«እትዬ፣ ቢጫው የጀመረው ከላይ ነው ከታች?»

«ምን ለውጥ አለው? ቢጫ እንደሆን ቢጫ ነው!»

«ኧረ ዋናው ነገር እሱ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ቡናዬን አስቀምጬ አዳመጥኩ፤ እናንተም አዳምጡ። ተክል ሲርበው ያለውን ቀለብ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ግን ሁሉም ቀለብ አይነቀልም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከቦታ ቦታ ይጓዛሉ፤ ስለዚህ እነሱ ሲጎድሉ ታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው ቀድሞ የሚታመመው። ናይትሮጅን ሲያጥር የታችኛው ቅጠል ጠቅላላ ገርጥቶ ይረግፋል። ማግኒዥየም ሲሆን ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ፖታሲየም ሲሆን ዳሩ ያርራል። ፎስፈረስ ሲጎድል ደግሞ፣ በበቆሎ ቡቃያ ላይ አይታችሁ እንደሆን፣ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም። እነሱ ሲጎድሉ የሚታመመው ለጋው ነው፣ ጫፉ። ብረት ያጣ ተክል አዲሱ ቅጠሉ ሎሚ መስሎ ይወጣል፣ ጅማቱ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

የእትዬ ቲማቲም ታች አረንጓዴ ነበር። ቢጫው ከላይ ነው። ጋሼ ያዘዙት ዩሪያ ለሌላ በሽታ ነበር ማለት ነው።

«ብረት ነው የጎደለው» አለ ልጁ። ቀጥሎ ያለው ግን የበለጠ ገረመኝ፤ «ብረት አፈሩ ውስጥ የለም ማለት ግን አይደለም።» ከጆንያው አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ በንጹሕ ውሃ በጠበጠ፣ ከኮሌጅ ያመጣትን ቀለም የምትቀይር ወረቀት ነከረ። ፒኤቹ፣ የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፣ ከ8 በላይ። ብዙ ተክል የሚመቸው ከ6 እስከ 7 ባለው ነው። ከ7 እያለፈ ሲሄድ ብረቱ እዚያው አፈር ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፣ ዚንክና ማንጋኒዝም እንዲሁ። አፈር ሙሉ ብረት እያለ ተክሉ በብረት እጦት ይሞታል።

ከየት መጣ ይህ ሁሉ? ግማሹ ከውሃው ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ባጠጡት ቁጥር የአፈሩን ፒኤች ወደ ላይ ይገፋዋል። ግማሹ ግን፣

«አመድ ታደርጊበታለሽ እንዴ እትዬ?»

«እንዴ! በየሳምንቱ ነዋ! የከሰሉን አመድ የት ልጣለው? እናቴ ሁላ ላይ አመድ የነካው ሁሉ ሲፋፋላት ነው ያደግኩት።»

እናትየው ልክ ነበሩ። ሁላ ደጋ ነው፣ የእንሰትና የገብስ አገር። ዘመን ሙሉ ዝናብ ያጠበው አፈሩ አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ አመድ የኖራን ሥራ ይሠራል፤ አሲዱን ያበርደዋል፣ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። የአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲድ ያጠቃው ነው ስለሚባል አመድ ያሳደገው ሰው ብዙ ነው። ያው አመድ ሐዋሳ ሲወርድ፣ ድሮም ወደ አልካሊ ባዘነበለ አፈርና ውሃ ላይ፣ መርዝ ይሆናል።

እትዬ ላይ እንዳትፈርዱ። አገር በሙሉ ያደረገውን ነው ያደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዘመናዊ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ሲገባ የመጡት ዳፕና ዩሪያ ናቸው። ዳፕ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል፣ ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ለቆላውም ለደጋውም፣ ለጤፉም ለበቆሎውም ምክሩ አንድ ሆነ፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ጤና ጣቢያ የመጣውን ሁሉ ስሙን ሳይጠይቁ አንድ ዓይነት ኪኒን እንደማደል ነበር። ጀማሪ አገር ከአንድ ቦታ መጀመሩ አያስወቅስም፤ እኔን የሚከነክነኝ ያንን ያህል ዘመን መቆየቱ ነው። የአገሪቱን አፈር በየወረዳው ናሙና እየወሰደ የሚመረምር ፕሮጀክት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ኢትዮሲስ ይሉታል፣ ከመሪዎቹ አንዱ የአፈር ሊቁ ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ ነበሩ። ውጤቱ ሲወጣ ሰልፈር በብዙ ቦታ ጎድሏል፣ ቦሮን ጎድሏል፣ ዚንክም ጎድሏል። ዳፕም ዩሪያም አንዱንም የላቸውም። ዳፕ ቦታውን ሰልፈር ላለበት ኤንፒኤስ የለቀቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ጆንያው እንመለስ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ምንም አለመጨመር ነው። ከቆርቆሮ ጣራ በበርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበር፤ ከጆንያው ሥር እስኪፈስ ድረስ አጠጣና የዩሪያውን ጨው አጠበ። ከዚያ በኋላ እትዬ የዝናብ ውሃ ባለ ጊዜ ያንን፣ በሌለ ጊዜ የጉድጓዱን በጥቂት የሎሚ ጭማቂ አለስልሰው፣ በወረቀቷ 6 አካባቢ ሲደርስ ብቻ እንዲያጠጡ ተነገራቸው። አመድ ክልክል። ለብረቱ ደግሞ እንዳይቆለፍ አቅፎ የሚይዘውን፣ ኬሌት የሚባለውን፣ ከግብርና ዕቃ መደብር ገዛ። ሲገዛ አንድ ነገር ተጠንቅቋል። ኢዲቲኤ የተባለው ርካሹ ዓይነት ፒኤች ከፍ ባለ አፈር ውስጥ ብረቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ለእንዲህ ያለው አፈር ኢዲዲኤችኤ ያስፈልጋል፣ ዋጋው ግን ያማል። እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ «ለቲማቲም ነው ለሙሽራ?» ብለዋል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከጫፍ የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የቀድሞው ቢጫ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ እትዬ «ይኼኛው አልዳነም» ብለው ሊቆርጡት ሲሉ ልጁ ከለከላቸው። መታየት ያለበት አዲሱ ነው፣ በጣም የተጎዳው መልኩ ላይመለስ ይችላል።

በኋላ ተክሉ ፍሬ ሲይዝ የአንዳንዱ ፍሬ ቂጥ ጠቁሮ ሰረጎደ። ጋሼ ከአጥር ወዲያ ካልሲየም ነው አሉ፤ በዚህኛው እንኳ አልተሳሳቱም። ነገር ግን አፈሩ ካልሲየም ጠግቧል፣ አመድ ሲበላ የከረመ አይደል? ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃ ጉዞ ነው። እትዬ ደግሞ ሲያስታውሱ ያጥለቀልቃሉ፣ ሲረሱ ሦስት ቀን ያደርቃሉ። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ማጠጣትና አፈሩን በደረቅ ሣር ማልበስ ሆነ። ለዚህ ገንዘብ አልወጣም።

«አመዱንስ ምን ላድርገው?» አሉ እትዬ፣ ሁለት ጆንያ ሞልቶባቸው።

«ሁላ ላኪው፣ ለጋሼ» አለ ልጁ፣ የእትዬን ታላቅ ወንድም ማለቱ ነው።

ላኩት። የሚኒባሱ ረዳት አመድ መሆኑን ሲያውቅ የጭነት እጥፍ ካልከፈላችሁ አለ፤ እትዬም መናኸሪያው መሀል ቆመው ስለ ደጋ አፈር ያስተማሩት ትምህርት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ በአንድ ጭነት ዋጋ ተስማሙ።