የኩሬ ቀጭኔዎች

ቀጭኔን በሕግ ለመጠበቅ የታሰበው ትናንት አይደለም። በ1900 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአፍሪቃ ቅኝ ግዛት የነበራቸው መንግሥታት በሎንዶን ከተማ ተሰብስበው፥ ፈጽሞ መገደል የማይገባቸውን አራዊት ሲዘረዝሩ ቀጭኔን ከጎሪላና ከዱር አህያ ጋራ በአንድ መዝገብ ጻፉት። ይሁን እንጂ ውሉን ከፈረሙት ብዙዎቹ ሳያጸድቁት ስለ ቀሩ ሕጉ አልጸናም። ጉባኤውም የኤውሮፓ መንግሥታት ጉባኤ ነበረና፥ ከቀጭኔ ጋራ በአንድ ሜዳ የሚኖረው ሕዝብ አሳቡን አልተጠየቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ወደ ምዕራብ አፍሪቃ መመልከት ይበቃል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የምዕራብ አፍሪቃ ቀጭኔ፥ ይኸውም መልኩ ፈዘዝ ያለው ወገን፥ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ቻድ ሐይቅ ድረስ ይገኝ ነበር። አደን፥ ድርቅና የእርሻ መስፋፋት አገሩን ከየአቅጣጫው እየቈረሱ ወሰዱበት፤ በ1996 ዓ.ም. በተቈጠረ ጊዜ የተገኘው 49 ብቻ ነው። እነዚህም የተረፉት በኒዠር ሪፑብሊክ፥ ከዋናው ከተማ ከኒያሜ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኩሬ አካባቢ ነበር። ስሙን ሰምቶ ውሃ የተኛበት ሜዳ የሚታሰበው አንባቢ ቢኖር እንዳይሳሳት፤ አገሩ ደረቅ ነው።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የስፍራው ነገር ነው። ኩሬ በአጥር የተከለለ የአራዊት መጠበቂያ አይደለም፤ ገበሬ የሚዘራበት፥ ከብትና ፍየል የሚሰማራበት ምድር ነው። በዚያ አንበሳ የለም፤ ይህም ለግልገሎቹ ትልቅ ዕረፍት ሆኖላቸዋል። ቀጭኔዎቹ በዝናም ወራት በኩሬ ዱር ይቈያሉ፤ በጋ ሲሆን ዳሎል ቦሶ ወደሚባለው ሸለቆ ይወርዳሉ። ዱሩ ግን ለኒያሜ ምድጃ ማገዶ እየተቈረጠ ይሳሳል። ገበሬውም በበኩሉ የዘራውን ጥራጥሬ ይበሉበታል፥ ማንጎውንም ከዛፉ ላይ ይለቅሙበታል፤ አንገታቸው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። እንግዲህ ሕጉ «አትግደል» ባለ ጊዜ ኪሣራውን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ሎንዶን ያላሰበችውን ይህን ነገር የኒዠር ሰዎች አሰቡበት። መንግሥቱ አደኑን ከለከለ፤ ማኅበራትም ለመንደሮቹ አነስተኛ ብድር ሰጡ፤ የአገሩ ወጣቶች እንግዶችን እየመሩ ቀጭኔ በማሳየት እንጀራ አገኙበት። በዚህም ምክንያት ቍጥሩ በ2018 ዓ.ም. ገደማ 600 ያህል ደረሰ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 8 ቀጭኔዎች በበረት ውስጥ ከሰነበቱ በኋላ በከባድ መኪና ተጭነው፥ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፥ ከወገናቸው አንድም ሳይታይባት 50 ዓመት ያህል ወዳለፋት ወደ ጋዳቤጂ ጥብቅ ምድር ተወሰዱ። መንጋ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ መኖሩ በአንድ መቅሠፍት ሁሉን ሊያሳጣ ይችላልና፥ ይህን አሳብ የተገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

መከራው ግን በሰዎቹ ላይ መጣ። በኦገስት 9 ቀን 2020 ዓ.ም. ታጣቂዎች ቀጭኔ ሊያዩ ወደ ኩሬ የሄዱትን 6 ፈረንሳውያን ከ2 የኒዠር ተወላጆች ጋራ ገደሏቸው። ከሁለቱ አንደኛው የመሪዎቹ ማኅበር አለቃ ነበረ። መንግሥቱም ወደ ስፍራው መግባትን አገደ። የእንግዳው ገንዘብ ቀረ፤ ጥራጥሬውና ማንጎው ግን መበላቱ አልቀረም።