ውሃ ብቻ የቀረበበት ግብዣ

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 1999 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሊንችበርግ በምትባል ከተማ 400 ያህል ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ግማሾቹ የታዋቂው ባፕቲስት ሰባኪ የጄሪ ፎልዌል ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ከየግዛቱ የመጡ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ክርስቲያኖችና ደጋፊዎቻቸው። መጀመሪያ የታሰበው አብሮ ምግብ መብላት ነበር። ወሬው ሲሰማ ግን ወግ አጥባቂዎች ተነሡ፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ጠቅሰው፣ በኃጢአት እየኖረ ወንድም ከሚባል ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ አይፈቀድም አሉ። ማዕዱ ተሰረዘ። ለእንግዶቹ የቀረበው ውሃ ብቻ ሆነ።

አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ይህን እንደ ጥቃቅን ወሬ ሊያልፈው ይችላል። እንግዳ ጠርቶ እንጀራ አለማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሐበሻ ግን በቀላሉ አያልፈውም።

ነገሩን የበለጠ የሚከብደው የእንግዶቹ መሪ ማንነት ነው። ሜል ዋይት ለፎልዌል ባዳ አልነበረም። በ1987 በፎልዌል ስም የወጣውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። ሰውየው የልጅነቱን፣ የአባቱን፣ ወደ ጌታ የመጣበትን ታሪክ ቁጭ ብሎ አጫውቶታል፤ ሜልም በፎልዌል አንደበት ጽፎታል። ለቢሊ ግራሃምና ለፓት ሮበርትሰንም በዚሁ መንገድ መጻሕፍት ጽፏል። የ1980ዎቹ የአሜሪካ ወንጌላውያን ዋና ዋና ድምፆች፣ አንባቢ ሳያውቀው፣ በከፊል የአንድ ሰው ብዕር ውጤት ነበሩ። ያ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ጋሪ ኒክሰን ከሚባል ሰው ጋር በትዳር አጋርነት ይኖር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ የተለመደው መጠሪያ ከሰዶም ከተማ ታሪክ የተቀዳ ስለሆነ ፍርዱን አብሮ ይዞ ይመጣል። ዳኛው ፋይሉን ሳይከፍት እንደሚፈርድ ማለት ነው። የሜል ዋይትን ኑሮ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ቢያንስ ታሪኩን ሰምቶ እስኪጨርስ ከዚያ ቃል ራቅ ማለት ይኖርበታል።

ሜል በ1940 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአጥባቂ ወንጌላዊ ቤተሰብ ተወለደ። በ1962 ላይላ የምትባል ወጣት አገባ። ሁለት ልጆች ወለዱ። እሱ ፊልም ይሠራል፣ ይሰብካል፣ ፓሳዲና በሚገኘው ፉለር የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቤቱ የምእመን ቤት አርአያ ነበር።

ከውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ላይላም ታውቀው ነበር። ሜል ወንዶችን እንደሚወድ ለሚስቱ የነገራት ትዳራቸው ሳይፈርስ ነው። የቀጠሉት ዓመታት የሕክምና ዓመታት ሆኑ፤ ጸሎት፣ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ አጋንንት ማስወጣት። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ዝንባሌውን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶት ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ገና በዚያው ዘመን ነበር የፈውስ አገልግሎቶቻቸውን በስፋት ያደራጁት። ከነዚህ ትልቁ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል በ1976 ተመሠረተ፤ በ2013 መሪው በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ድርጅቱን ዘጋ። በመሐል ያሉት 37 ዓመታት የስንት ሰው ዕድሜ እንደበሉ ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ሜል ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነበር። ጾመ፣ ጸለየ፣ የታዘዘለትን ሁሉ አደረገ፤ አልተለወጠም። በመጨረሻ ራሱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ። ተርፎ ሲነሣ ባልና ሚስት ተነጋግረው በስምምነት ተለያዩ።

የዚህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ሚስት ትረሳለች። ወይ ታሪኩ የእሱ የነፃነት ታሪክ ይሆንና እሷ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ወይ ደግሞ የሰባኪዎች ማስፈራሪያ ይሆንና እሷ የተበደለች ምስል ብቻ ሆና ትቀርባለች። ላይላ ሁለቱንም አልሆነችም። ሜል በ1994 «በደጅ ያለው እንግዳ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም መቅድሙን የጻፈችው የቀድሞ ሚስቱ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር የኖረች ሴት፣ ሁሉን ካጣች በኋላ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እመሰክርለታለሁ ብላ ስሟን አኖረች። የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ ለዚህ መቅድም ተገቢውን ቦታ አልሰጡትም።

መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1993፣ ሜል ዳላስ ውስጥ ካቴድራል ኦፍ ሆፕ በተባለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ሲሾም ማንነቱን በይፋ ተናግሮ ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የሜትሮፖሊታን ኮሚዩኒቲ ቸርች አባል ነበረች። ማኅበሩን የመሠረተው ትሮይ ፔሪ ነው፤ በዝንባሌው ምክንያት ከአገልግሎት የተባረረ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ። ፔሪ በኦክቶበር 1968 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለ ቤቱ ሳሎን ውስጥ 12 ሰዎች ሰብስቦ ነበር የጀመረው። እንግዲህ ሜል ከእምነት አልወጣም። ብዙዎች የጠበቁት፣ አንዳንዶችም የተመኙት፣ ያንን ነበር፤ ቢክድ ለሁሉም ይቀል ነበር። ያስቸገረው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መቅረቱ ነው።

በ1995 ቨርጂኒያ ቢች ወደሚገኘው የፓት ሮበርትሰን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሄደ። ጥያቄው ሮበርትሰን በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በአደባባይ እንዲያወግዝ ነበር። ከግቢው አልወጣም ሲል ታሰረ፤ እስር ቤት ውስጥ ጾመ። ሮበርትሰን በመጨረሻ ራሱ መጥቶ ጎበኘው። መጽሐፉን የጻፈለትን ሰው በእስረኛ ልብስ ሲያየው ምን እንደተሰማው የሚያውቀው ራሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሜልና ጋሪ ሶልፎርስ የተባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። ስሙ የጋንዲን «ሳትያግራሃ» ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ነው፤ የነፍስ ኃይል ማለት ነው። ሐሳቡም ከጋንዲና ከማርቲን ሉተር ኪንግ የተወሰደ ነበር፤ ተቃዋሚህን አታዋርደው፣ አትዋሽበት፣ ደጁን ግን አትልቀቅ። በዚያው ዓመት ዋዮሚንግ ውስጥ ማቲው ሼፐርድ የተባለ ወጣት ተማሪ ተደብድቦ ተገደለ። በሴፕቴምበር 1999 ደግሞ ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ውስጥ አንድ ታጣቂ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሰባት ሰዎች ገደለ። የሊንችበርጉ ስብሰባ የተጠራው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ፎልዌል የአነጋገሩን ኃይለኛነት ለማለዘብ ቃል ገባ። ድርጊቱ ኃጢአት ነው የሚለውን ትምህርቱን ግን አልለወጠም፤ እለውጣለሁም አላለም። ውጭ ደግሞ ሁለቱንም ወገን የሚራገሙ ሰዎች ጽሑፍ ይዘው ቆመው ነበር። ሜልን የራሱ ወገኖች ሳይቀር ተቹት፤ ከጠላት ጋር ቁጭ ብለህ ምን ታገኛለህ አሉት።

ትችቱ ከንቱ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2001 ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ከተመቱ ሁለት ቀን በኋላ ፎልዌል በሮበርትሰን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ለመቅሰፍቱ ተጠያቂ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን አስገባ። ቁጣው ሲበረታበት ይቅርታ ጠየቀ። የ1999ኙ ቃል ሁለት ዓመት አልቆየም ማለት ነው።

ሜልና ጋሪ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ከሰልፍም ከክርክርም ይለያል። ሊንችበርግ ሄደው ከፎልዌል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቤት ተከራዩ። እሑድ እሑድ መንገዱን ተሻግረው ከምእመናኑ ጋር ይቀመጣሉ፤ ይዘምራሉ፤ ስብከት ያዳምጣሉ። ሰባኪው ስለ እነሱ ክፉ ሲናገር ተነሥተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ሲጨርስ ይቀመጣሉ። ይህ ፎልዌል በሜይ 2007 እስኪሞት ድረስ ከዓመት ወደ ዓመት ቀጠለ። ሞኝነት ነው የሚል አለ። ግን ጎረቤት ከሰልፈኛ የተለየ ነገር ነው፤ ሰልፈኛ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ጎረቤት ጠዋትም እዚያው ነው።

የማዕዱ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በ2009 የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ማጋባት ፈቀደች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ አጋር ያላቸው ሰዎች በአገልግሎት እንዲሾሙ ወሰነች። በ2013 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከሁለቱም ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች፤ ውሳኔው የቅዱስ ቁርባንን ኅብረት ይጨምራል። የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። የመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዝምድና በዚህ ጉዳይ መቆረጡ፣ ነገሩን መካነ ኢየሱስ ምን ያህል የእምነት መሠረት አድርጋ እንዳየችው ያሳያል፤ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም አላስፈራትም። ይህ በራሱ ክብር ይገባዋል። ሆኖም ውሳኔው የተነጋገረው ስለ ፈረንጆቹ ነው። የራሷ ልጆች የሆኑ፣ በመዘምራን መካከል የሚቆሙ፣ ሜል በ1960ዎቹ የጸለየውን ጸሎት ዛሬ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጸልዩ ካሉ፣ ስለ እነሱ የተነሣ ነገር አልነበረም። እነሱም አይናገሩም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ እናት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ የኅብረቱ መሪ አለ። ሊንችበርግ ቢያንስ ውሃ ቀርቧል።

ሜልና ጋሪ በጁን 2008 ፓሳዲና በሚገኘው ኦል ሴይንትስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ ተጋቡ። አብረው ከኖሩ 27 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በኖቬምበር የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፅ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ከለከለ፤ ቀደም ብለው የተጋቡት ጥንዶች ዕጣ ለፍርድ ቤት ተተወ። ጉዳዩ ገና በዳኞች እጅ እያለ፣ በ2009 መጀመሪያ ወራት፣ ሜል በሚሊዮኖች ቤት በሌላ መልክ ታየ። ዓለምን በመዞር የሚወዳደሩበት «ዘ አሜዚንግ ሬስ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ከልጁ ከማይክ ጋር ቀረበ። ማይክ ዋይት ከ«ስኩል ኦፍ ሮክ» ፊልም ጀርባ ያለው ደራሲ ነው፤ በኋላም «ዘ ዋይት ሎተስ»ን ፈጥሯል።

ፕሮግራሙ ተወዳዳሪዎቹን በአጭር መግለጫ ነው የሚያስተዋውቀው። ሚስት ወይም እጮኛ፣ ጓደኛ፣ እናትና ልጅ። የእነዚህ ሁለቱ «አባትና ልጅ» ነበር። የ68 ዓመቱ ሽማግሌ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ከባድ የአይብ ሙልሙል ተሸክሞ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከዚያ ጀርመን፣ ሩማንያ፣ ሳይቤሪያ፣ ሕንድ ሲያልፍ፣ ቴክሳስና አላባማ ውስጥ ያሉ አጥባቂ ቤተሰቦች ከእራት በኋላ ተቀምጠው አዩት። እነዚያ ቤተሰቦች መደርደሪያቸው ላይ የእሱ ብዕር የጻፋቸው መጻሕፍት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ የለም። ታይላንድ ላይ ሲወጡ የብዙ ተመልካች ልብ አብሯቸው ነበር። በሜይ 2009 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጽድቆ፣ ቀድሞ የተፈጸሙት ጋብቻዎች ግን እንዲጸኑ ወሰነ። የሜልና የጋሪም ጸና።

በ2011 አባትና ልጅ እንደገና ተጠርተው ተወዳደሩ። ይህኛው ጉዞ አጭር ነበር። ጃፓን ውስጥ ተወዳዳሪዎች ጭቃ ውስጥ ገብተው አንድ ነገር ፈልገው ማውጣት ነበረባቸው። ሜል ያኔ 70 ዓመቱ ነው። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ፤ መንቀጥቀጡን ማቆም አቃተው። ማይክ ከዚያ በኋላ ያሰበው ስለ ውድድሩ ሳይሆን ስለ አባቱ ነበር። የመጨረሻ ሆነው ደረሱ፤ ሁለቱም እስከ ጭንቅላታቸው ጭቃ ነበሩ።