የሊያንግ ቤትና የጁኧር ሁቶንግ



ንግግሬን ከአንድ የፈረሰ ቤት እጀምራለሁ። ቤጂንግ ውስጥ፣ ቤይዞንግቡ በሚባል ሁቶንግ ማለትም ጠባብ የሠፈር መንገድ ላይ፣ ሊያንግ ሲቼንግና ባለቤቱ ሊን ሁዪይን በ1930ዎቹ የኖሩበት ግቢ ነበር። ባልና ሚስቱ በየአውራጃው እየዞሩ ጥንታዊ የእንጨት ቤተ መቅደሶችን በመለካት ለቻይና የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጥናት መሠረት የጣሉ ምሁራን ናቸው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ መፍረሱ ሲታወቅ የተሰጠው ምክንያት «ጥገናዊ ማፍረስ» የሚል ነበር። ይህን ሐረግ ባነበብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

የቤጂንግ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ሽንፈት ይተረካል። በ1950 ሊያንግና ቼን ዣንሺያንግ አዲሱ የመንግሥት ማእከል ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አላገኘም። የከተማው ቅጥርም ከጥቂት ቅሪት በቀር ፈርሶ በመስመሩ ላይ የምድር ውስጥ ባቡርና ሁለተኛው የቀለበት መንገድ ተዘረጉ።

ይህ አተራረክ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይመስለኝም። ሲሄዩዋን የሚባለው ነባሩ መኖሪያ አራት ቤቶች በአንድ ክፍት ሜዳ ዙሪያ የሚተያዩበት፣ ዋናው ቤት ወደ ደቡብ ዞሮ የክረምቱን ፀሐይ የሚቀበልበት ነው። «ግቢ» ብዬ ስተረጉመው ትርጉሙን እንደማጎድል አውቃለሁ፤ የእኛ ግቢ ከመካከሉ ቤቱን ያኖራል፣ የእነርሱ ግን ባዶውን ቦታ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ይህ መኖሪያ ከ1949 ወዲህ ለብዙ አባወራዎች ተከፋፈለ። በ1976 የታንግሻን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ነዋሪዎቹ በየሜዳው ጊዜያዊ መጠለያ ቀለሱ፤ አደጋው አለፈ፣ ብዙዎቹ መጠለያዎች ግን ማድ ቤትና መኝታ ሆነው ቀሩ። መጸዳጃው በሁቶንጉ ላይ የጋራ ነበር። ቡልዶዘሩ ከመድረሱ በፊት በብዙ ግቢዎች ውስጥ ያ ባዶ ቦታ ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ለኖረ ሰው የአፓርታማ ቁልፍ መቀበል እፎይታም ነበር፤ እኛ የቅርስ ወዳጆች ግን ይህን ለመቀበል እንቸገራለን።

ችግሩን ከሥሩ የያዘው ከሊያንግ ጋር በቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርትን ያቋቋመው ዉ ሊያንግዮንግ ይመስለኛል። ደህናውን ማቆየት፣ የሚጠገነውን መጠገን፣ የፈራረሰውን ብቻ መተካት የሚል አካሄድ ነበረው። የጁኧር ሁቶንግ ሥራ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1990 ሲጠናቀቅ ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ነጭ ቤቶች እንደገና በክፍት ሜዳ ዙሪያ ቆሙ፤ ነባር ዛፎች ተጠበቁ፤ እያንዳንዱ መኖሪያ የራሱ ማድ ቤትና መጸዳጃ ነበረው። እንከን የለውም አልልም። ከፊሎቹ ቤቶች ወጪ ለመሸፈን ተሸጡ፤ ከነባሮቹ ነዋሪዎችም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሆኖም ለኦሊምፒኩ በ2008 ጥንታዊ መልክ ተሰጥቶት ለሱቅና ለጎብኚ ከተከፈተው የቺየንመን ጎዳና ጋር ሳነጻጽረው፣ መልኩን የለወጠውን ጁኧርን እመርጣለሁ።

የጁኧርን የወለል ሥዕል አሁን አሳያችኋለሁ። ስትመለከቱት ዛፎቹን ብቻ ሳይሆን ማድ ቤቶቹንም ቁጠሩ።