የኢተርኔት ሃብ ፖርቶችና አመልካች መብራቶች፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ታሪክ የሚጻፈው ከብራናና ከደብዳቤ ብቻ አይደለም። ሰዎች ሠርተው የተገለገሉበት ዕቃም፣ አጠያየቁን ለሚያውቅ ሰው፣ የዘመኑን ችግርና የዘመኑን ብልሃት ይመሰክራል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ዕቃ ሃብ የሚባለው የኢተርኔት ኔትወርክ ማገናኛ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በ1990ዎቹ ዓመታት በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ ያገናኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ስፍራውን ስዊች ለተባለው ዘመዱ ለቅቆ ከአገልግሎት ወጥቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም ፖርቶቹና አመልካች መብራቶቹ ለወራሹ ስለ ተላለፉ፣ የእነርሱን ታሪክ ማወቅ ያለፈውን ከማስታወስ የበለጠ ጥቅም አለው።

የጽሑፉ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ በሃብ ፊት ላይ ያለው እያንዳንዱ ፖርትና እያንዳንዱ መብራት ቀድሞ ከነበረ ከአንድ ችግር የተነሣ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ መብራቱ የሚመሰክረው ስለዚያ ችግር ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ እንዲመሰክር የሚያስገድደው ሰው ይሳሳታል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኢተርኔት የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነው። ሮበርት ሜትካፍ የአሳቡን ማስታወሻ የጻፈው በግንቦት 1973 ሲሆን፣ መሣሪያውን በመሥራት ዴቪድ ቦግስ ረዳው። የአሳቡ መነሻ በኖርማን ኤብራምሰን መሪነት በሃዋይ የተሠራውና በ1971 ሥራ የጀመረው አሎሃ የተባለ የሬዲዮ ኔትወርክ ነበር። በአሎሃ ብዙ ጣቢያዎች አንድ የሬዲዮ ሞገድ ይጋሩ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ መልእክታቸው ተጋጭቶ ይበላሻል፣ ከዚያም እንደገና ይላካል። ሜትካፍና ቦግስ ይህንን ሥርዓት ከሬዲዮ ወደ ኬብል አመጡት፤ ጣቢያዎቹም ከመናገራቸው በፊት እንዲያዳምጡ፣ እየተናገሩም ሳለ ግጭት እንዳለ እንዲከታተሉ አደረጉ። የመጀመሪያው ኢተርኔት ፍጥነት በሴኮንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በአንድነት ያወጡት ደንብ ፍጥነቱን 10 ሜጋቢት አደረገው፤ በ1983ም 802.3 የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ጸደቀ።

በዚያን ጊዜ ሃብ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ የተንጠለጠሉት በአንድ ረጅም ኮአክሲያል ኬብል ላይ ነበር። ወፍራሙ ኬብል እስከ 500 ሜትር፣ በኋላ የመጣው ቀጭኑ ደግሞ እስከ 185 ሜትር ይዘረጋል። በኬብሉ ሁለት ጫፎች የ50 ኦም ተርሚኔተር መኖር ነበረበት፤ ይህ ከሌለ የኤሌክትሪኩ ምት ከጫፉ ተመልሶ ከሚመጣው መልእክት ጋር ይደባለቃልና። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛውን ሲያንቀሳቅስ የቀጭኑን ኬብል ማያያዣ ቢያላቅቀው፣ የሚቋረጠው የእርሱ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ኬብሉ በሁለት ተከፍሎ፣ ተርሚኔተር የሌላቸው ሁለት አዲስ ጫፎች ስለሚፈጠሩ፣ በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። ብልሽቱ የት እንደ ደረሰ የሚናገር ምልክት ግን አልነበረም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ወደ ኬብሉ ምት ልኮ፣ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያውቃል፤ መሣሪያው የሌለው ግን ኬብሉን ከመካከል እየከፈለ፣ ጫፉን በተርሚኔተር እየዘጋ፣ የታመመው ከየትኛው ግማሽ እንደሆነ እየሞከረ ሲፈልግ ይውላል።

መፍትሔው ኬብሉን ማሻሻል ሳይሆን የኔትወርኩን ቅርጽ መለወጥ ሆነ። የስልክ ሥራ ከዚህ ቀደም ብሎ ከየክፍሉ የሚመጣውን ሽቦ ወደ አንድ ማዕከል ይሰበስብ ነበር። የአሜሪካው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ኩባንያ ይህንን ቅርጽ ተከትሎ ስታርላን የተባለውን ኔትወርክ ሠራ፤ በ1987ም በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ደንብ ሆኖ ተመዘገበ። ከዜሮክስ የምርምር ማዕከል የወጡት አንድሩ ላድዊክና ሮናልድ ሽሚት ደግሞ በ1985 ሲንኦፕቲክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው፣ 10 ሜጋቢቱን ኢተርኔት ጥንድ ጥንድ ሆኖ በተገመደ የመዳብ ሽቦ ላይ ማስኬድ እንደሚቻል በሥራ አሳዩ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1990 አሥር ቤዝ ቲ የተባለው ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር እስከ 100 ሜትር በሚደርስ የራሱ ሽቦ ከሃቡ ጋር ይገናኛል። ሃቡ በአንዱ ፖርት የሰማውን ምልክት አድሶ በሌሎቹ ፖርቶች ሁሉ ያስተጋባል፤ ከዚህ የበለጠ ብልሃት የለውም። ነገር ግን አንድ ሽቦ ሲበጠስ የሚጠፋው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሆነ፤ ብልሽትም ለመጀመሪያ ጊዜ አድራሻ አገኘ። ፖርት ማለት ይህ አድራሻ ነው።

አድራሻው ከተገኘ በኋላ ምልክቱን ማግኘት ቀላል ሆነ። አሥር ቤዝ ቲ መልእክት በማይተላለፍበት ጊዜም ሁለቱ ወገኖች በየ16 ሚሊሴኮንድ ገደማ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት እንዲላላኩ ያዛል። ምቱ ወይም መልእክት ለጥቂት ጊዜ ካልተሰማ፣ ተቀባዩ ግንኙነቱ እንደ ተቋረጠ ይቆጥራል። የሊንክ መብራት የሚባለው ይህንን ውሳኔ ለዓይን የሚያሳይ ነው። ደንቡ መብራት የግድ ይኑር አላለም፤ ካለ ግን ቀለሙ አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል ብሎ መክሯል። መብራቱን ራሱን ርካሽ ያደረገው ሌላ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው፤ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል.ኢ.ዲ. ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ያሳየው በ1962 ነበር። ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላና ዕድሜው ረጅም የሆነ መብራት ባይኖር ኖሮ በየፖርቱ ላይ አንድ መብራት ማኖር የሚታሰብ አልነበረም።

እንግዲህ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ምን ተረጋገጠ? ሃቡ ከወዲያኛው ወገን የመጣ ምት ሰምቷል፤ የተረጋገጠው ይህ ነው። ሃቡ የላከውን ኮምፒዩተሩ መስማቱን ግን አያረጋግጥም። መላኪያውና መቀበያው የተለያዩ ጥንድ ሽቦዎች ስለሆኑ፣ አንዱ ጥንድ ቢበጠስ በአንደኛው ጫፍ መብራቱ በርቶ በሌላኛው ጫፍ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሁለቱንም ጫፎች ያያል። ደግሞም ምቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነጠላ ምልክት ነው፤ መልእክቱ ግን በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት የሚሮጥ ነው። በአጋማመዱ የተሳሳተ ሽቦ ምቱን አሳልፎ መልእክቱን ሊያበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ መብራቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ነገር ነበር።

የፖርቱ አሠራርም የራሱ ታሪክ አለው። በስምንቱ የሽቦ ጥርሶች መካከል አሥር ቤዝ ቲ የሚጠቀምባቸው አራት ብቻ ናቸው። ኮምፒዩተሩ በ1ኛውና በ2ኛው ይልካል፣ በ3ኛውና በ6ኛው ይቀበላል። የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር እንዲገጥም፣ በሃቡ ፖርት ውስጥ ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይሠራል። ሆኖም ሁለት ሃቦች እርስ በርስ ሲገናኙ አፍ ከአፍ፣ ጆሮም ከጆሮ ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ አፕሊንክ የሚባል ያልተገለበጠ ፖርት ተጨመረ፤ በአንዳንዱም ላይ በቁልፍ እንዲቀያየር ተደረገ። በብዙ ሃቦች ላይ አፕሊንኩና ከጎኑ ያለው ፖርት በውስጥ አንድ ናቸውና፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም አይቻልም። ፖርት ስምንት ነው ብሎ ዘጠኝ ቀዳዳ ያየ ሰው የሚደነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ መሣሪያው ራሱ ሽቦውን መርምሮ አፍና ጆሮውን እንዲያስማማ የሚያደርግ ዘዴ ተገኘ፤ ይህም በ1999 በወጣው የ1 ጊጋቢት ደንብ ውስጥ በምርጫ የሚሠራ ሆኖ ገባ። ከዚህ በኋላ አፕሊንክ የሚለው ጽሑፍ ቀስ በቀስ የስም መታሰቢያ ብቻ ሆነ።

በአንዳንድ ሃቦች ላይ ሌሎች ሁለት ዓይነት መግቢያዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ለቀጭኑ ኮአክሲያል ኬብል የሚሆነው ክብ ማያያዣ፣ ሁለተኛው ወደ ወፍራሙ ኬብል የሚያደርሰው ባለ 15 ጥርስ ሶኬት ነው። እንደዚህ ያለ ሃብ ሦስት ዘመናትን በአንድ ሣጥን ይዟል። መሥሪያ ቤቶች ቀድሞ በግድግዳና በጣራ ውስጥ የዘረጉትን ኬብል በአንድ ቀን ነቅለው መጣል አልቻሉም፤ ሠሪዎቹም ይህን ስላወቁ አሮጌው ከአዲሱ ጋር የሚነጋገርበትን በር ተዉለት።

የመልእክት መተላለፍን የሚያሳየው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ሌላ ጉዳይ ነው። በ10 ሜጋቢት ፍጥነት ትንሹ መልእክት የሚፈጀው 51.2 ማይክሮሴኮንድ ነው፤ ትልቁም ከ1.2 ሚሊሴኮንድ ብዙ አያልፍም። ዓይን ይህን ለይቶ አያይም። ስለዚህ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ዑደት ብልጭታውን ሆን ብሎ ያራዝመዋል፤ አንድ ብልጭታ አንድ መልእክት ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩን ያጣል። ደግሞም ሃብ የሰማውን ለሁሉም ስለሚያስተጋባ፣ ብልጭታው መልእክቱ ለማን እንደ ተላከ አይናገርም። በሃብ ላይ የተቀመጠ ኮምፒዩተር የጎረቤቱን መልእክት ማንበብ የሚችል መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው ያስፈራ የነበረው የግጭት መብራት ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሃቡ ይህን አውቆ ለሁሉም የግጭት ምልክት ይልካል፣ መብራቱም ይበራል። ግጭት ግን በኢተርኔት ዘንድ ከአሎሃ ጀምሮ የተወረሰ የሥራ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ላኪዎቹ በዕጣ የተለያየ ጊዜ ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ፤ መልእክቱን የሚተዉት 16 ጊዜ ሞክረው ካልሆነላቸው ነው። መብራቱ አልፎ አልፎ ሲበራ ሥርዓቱ እየሠራ ነው፤ ሳይጠፋ ሲቆይ ግን ኔትወርኩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም አንድ መሣሪያ ታሟል ማለት ነው። ሃቡም በአንድ ፖርት ላይ ከ30 በላይ ተከታታይ ግጭት ሲደርስ ያንን ፖርት ከማኅበሩ ይለየዋል፤ ይህን የሚያሳይ የመለያ መብራት ያላቸውም አሉ። አንድ ሰው ያላቀቀው ማያያዣ ሁሉን ያስቆም ከነበረበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ታላቅ ነው።

የሃብን ዘመን የዘጋው መልእክትን ለባለቤቱ ብቻ የሚያደርሰው ስዊች ነው። ካልፓና የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ ያቀረበው በ1990፣ አሥር ቤዝ ቲ በወጣበት ዓመት ነበር። ዋጋው እየረከሰ ሲሄድ ሃቡን ተካው። በ1995 የ100 ሜጋቢት ደንብ ሲወጣ ሁለቱ ወገኖች ፍጥነታቸውን በምት ተነጋግረው የሚስማሙበት ዘዴ መጣ፤ የፍጥነት መብራትም ታከለ። በ1997 መላክና መቀበል በአንድነት የሚካሄድበት ፉል ዱፕሌክስ የተባለው ሥርዓት በደንብ ሲጸና ግጭት ፈጽሞ ቀረ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ግጭትን ያሳይ የነበረው መብራት አዲስ ሥራ ተሰጠው፤ ሳይቋረጥ ሲበራ ፉል ዱፕሌክስ፣ ሲርገበገብ ግጭት ማለት ሆነ። በ2011ም የደንቡ ጠባቂዎች ሃብ ለአዲስ ኔትወርክ እንዳይመረጥ አሳሰቡ።

ከዚህ ሽግግር የተወለደ አንድ ሕመም አለ። በሽቦው አንድ ጫፍ ያለው መሣሪያ በፉል ዱፕሌክስ እንዲሠራ በእጅ ተወስኖ፣ ሌላው በራሱ እንዲስማማ ቢተው፣ ተስማሚው የሚነጋገረው ስለማያገኝ ወደ አሮጌው ሥርዓት ይመለሳል። አንዱ ሳያዳምጥ ይናገራል፣ ሌላው ይህን እንደ ግጭት ይቆጥራል። በሁለቱም ጫፍ የሊንኩ መብራት አረንጓዴ ነው፤ ሥራው ግን ይንቀረፈፋል። መብራቱን ብቻ ያየ ሰው ኔትወርኩ ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል፤ ጥፋቱም በተጠቃሚው ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ይላከካል።

የዚህ ጥናት ፍሬ ይህ ነው። ከ1973 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የኔትወርክን ጤና የሚያውቀው ውድ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ነበር፤ ከ1990 ወዲህ ግን በመሣሪያው ፊት የቆመ ሰው ሁሉ በዓይኑ ሊያየው ቻለ። ይህ ለብዙዎች የተሰጠ ዕውቀት ነው፣ ዋጋውም ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ምልክት ለሁሉ ሲሰጥ ትርጉሙ አብሮ ካልተሰጠ፣ ያላየ ሰው ከሚሳሳተው ይልቅ ያየ ሰው በበለጠ ድፍረት ይሳሳታል። የኔትወርክ ክፍል የሚጠብቅ ተማሪ ቢሆን ሠራተኛ፣ መብራት በርቶ ባየ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ መብራት የተሠራው የትኛውን ችግር እንዲናገር ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ታሪኩ ነው።