በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሶፍትዌር ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

በአርሶ አደሩም ሆነ በከተማ ነዋሪው እጅ የሚገኙ የአንድሮይድ ስልኮች ሊኑክስ በተሰኘ መሠረታዊ ሶፍትዌር ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ናቸው። ሊኑክስ "ክፍት ምንጭ" ከሚባሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። ክፍት ምንጭ ማለት ማንኛውም ሰው ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ኮድ አንብቦ ማሻሻልና ለሌሎች ማካፈል የሚችልበት አሠራር ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹን የሚያዘጋጁት ለሥራው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በተለያዩ አገራት ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች የሠሩት ሶፍትዌር ደኅንነቱ እንዴት ይረጋገጣል? "አሁን ለሕዝብ ይድረስ" ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው? ዴቢያን የተባለው ፕሮጀክት አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ዴቢያን ምንድን ነው?

ዴቢያን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እ.አ.አ በ1993 ኢያን መርዶክ በተባለ ወጣት ተማሪ ተጀመረ። ዛሬ ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ይንከባከቡታል። እ.አ.አ ነሐሴ (ኦገስት) 9 ቀን 2025 ይፋ የሆነው 13ኛው ሥሪት ከ69 ሺሕ በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎችን ይዟል። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ኀላፊ ወይም የኀላፊዎች ቡድን አለው።

ሦስቱ ደረጃዎች

አዲስ የሰብል ዝርያ በቀጥታ ለአርሶ አደሩ አይሰጥም። በቅድሚያ በምርምር ማዕከል ማሳ ላይ ይዘራል፤ ከዚያም በተለያዩ አካባቢዎች ይሞከራል፤ ብቁ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ይለቀቃል። የዴቢያን አሠራርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

የመጀመሪያው ደረጃ "ያልተረጋጋ" ይባላል። አዲስ ጥቅል በመጀመሪያ የሚገባው ወደዚህ ነው። መጠሪያው "ሲድ" ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው "ቶይ ስቶሪ" በተሰኘው ፊልም ውስጥ አሻንጉሊቶችን ከሚሰባብረው ልጅ ነው። በዚህ ደረጃ ያለውን ሥርዓት የሚጠቀሙ ሰዎች ችግር ሊገጥማቸው እንደሚችል አውቀው የገቡ ናቸው።

ሁለተኛው "የሙከራ" ደረጃ ነው። አንድ ጥቅል ወደዚህ ለማለፍ እንደ አስቸኳይነቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 10 ቀናት በመጀመሪያው ደረጃ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት አዲስ ከባድ ስሕተት ሊገኝበት አይገባም። ቀደም ሲል ተገንብቶባቸው በነበሩት የሚደገፉ የኮምፒውተር ዓይነቶች ሁሉ ላይ መገንባት መቻል አለበት። የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎችም አብረውት መሟላት ይኖርባቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያጣራው ኮምፒውተር እንጂ የሰው ይሁንታ አይደለም።

ሦስተኛው "የተረጋጋ" የሚባለው ሲሆን፣ ሰፊው ተጠቃሚ የሚገለገልበት ነው።

ይፋ የሚሆንበት ቀን እንዴት ይወሰናል?

ለዚህ ሥራ የተመደበ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አለ። ቡድኑ ሥርዓቱ ለሕዝብ ሊደርስ ሲቃረብ ለውጥን ደረጃ በደረጃ ያግዳል። ለ13ኛው ሥሪት እገዳው የጀመረው እ.አ.አ መጋቢት (ማርች) 15 ቀን 2025 ነበር። መጀመሪያ ትልልቅ ለውጦች ተከለከሉ፤ ቀጥሎ አዳዲስ ጥቅሎች መግባት አቆሙ፤ በመጨረሻም ያለ ቡድኑ ፈቃድ ምንም ነገር የማይገባበት ጊዜ ሆነ። በእነዚህ ወራት የሁሉም ሥራ ከባድ ስሕተቶችን ማረም ነው። ኀላፊው ሊያርመው ያልቻለ ጥቅል ከሥሪቱ ሊወጣ ይችላል።

የስሕተት መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ሰው ያገኘውን ችግር ማስመዝገብና ሌሎች ያስመዘገቡትን ማንበብ ይችላል።

ጥንቃቄው ግን ዋጋ ያስከፍላል። እ.አ.አ በ2002 ይፋ ከሆነው ሥሪት በኋላ ቀጣዩ እስከ 2005 ድረስ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ዘግይቷል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እንዲሉ፣ ፕሮጀክቱ ሥራው ሳያልቅ ከመልቀቅ መዘግየትን መርጧል።

ከፍተሻ ያመለጡ ስሕተቶች

ፍተሻ ሁሉንም ችግር ያገኛል ማለት አይደለም። እ.አ.አ በ2006 አንድ የዴቢያን ባለሙያ፣ የመፈተሻ መሣሪያ ያሳየውን ማስጠንቀቂያ ለማስወገድ ሲል ከኦፕንኤስኤስኤል ጥቂት መስመሮችን አነሣ። መስመሮቹ የምሥጢር ቁልፎችን ለመገመት አስቸጋሪ የሚያደርጉ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የተፈጠሩት ቁልፎች በቀላሉ ተሞክረው የሚገኙ ሆኑ። ስሕተቱ የታወቀው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2008 ነው።

እ.አ.አ በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2023 ደግሞ 12.3 የተባለው ማሻሻያ ሊለቀቅ ሲል በውስጡ መረጃን የሚያበላሽ ስሕተት ተገኘ። ፕሮጀክቱ ልቀቱን አቁሞ ተጠቃሚዎችን በግልጽ አስጠነቀቀ፤ በማግሥቱም የታረመውን 12.4 ይፋ አደረገ።

ከሁሉም አስደንጋጩ የ2024ቱ ነው። ፋይሎችን ለመጭመቅ የሚያገለግለውን ኤክስዜድ የተባለ ሶፍትዌር ለዓመታት የተንከባከበው በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ አካል ሁለት ዓመት ገደማ በትጋት አገዘው፤ እምነቱንም አግኝቶ የመልቀቅ ሥልጣን ተሰጠው። ከዚያም በሥሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች በድብቅ ለመግባት የሚያስችል ኮድ አስገባ። ኮዱን የሸሸገው ለመፈተሻ በተዘጋጁት ፋይሎች ውስጥ ነበር። አጥር ሊሆን የሚገባው ቦታ መደበቂያ ሆነ።

ሤራውን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። የዴቢያንን ያልተረጋጋ ደረጃ ሲጠቀም፣ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለና ምክንያቱን መረመረ። እ.አ.አ መጋቢት (ማርች) 29 ቀን 2024 ግኝቱን ለሕዝብ አሳወቀ። አደገኛው ኮድ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ቢደርስም ወደ ተረጋጋው ሥሪት ግን አልገባም ነበር። አዲስ ነገር ለሰፊው ሕዝብ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ወራት መቆየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህ ታየ። የብዙዎች መገልገያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ የሚያስከትለው አደጋም በዚያው ልክ ታይቷል።

ተጠቃሚው ምን ማድረግ ይችላል?

በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ላይ "ለሙከራ" ተብሎ የቀረበን ሥሪት ለዕለት ሥራ፣ በተለይም ለገንዘብ ዝውውር፣ አለመጠቀም ይመከራል። የደኅንነት ማሻሻያ ሲደርስ ግን ሳይዘገዩ መጫን ተገቢ ነው፤ አስቀድሞም አስፈላጊ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ችግር ያጋጠመው ሰው ለአዘጋጆቹ ቢያሳውቅ የሥራው ተካፋይ ይሆናል። "አልሠራ አለኝ" ማለት ብቻ አይበቃም። የትኛው ሥሪት እንደሆነ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንደተፈጠረ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ለዚህ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን ግድ አይደለም፤ ኤክስዜድ ላይ የተሸረበውን ሤራ ለማጋለጥም መነሻ የሆነው የግማሽ ሰከንድ መዘግየትን ችላ አለማለት ነው።