ያልታመመ ከብት የታገደበት ጊዜ

በጎንደር ደጋ የከብት እልቂት ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው «ደስታ» የሚባለው በሽታ ነው። ስሙ ማባበያ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙበት፣ በሽታው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ባስመጧቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል ገባ። ጎንደር በዚያው ዓመት በጥር ወር በደርቡሾች ተቃጥላ ነበር። በሬው አለቀ፣ እርሻው ጦሙን አደረ፣ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብም ተከተለ። ምጽዋ ላይ ግን ከብቶቹን የጤና ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም።

ወረቀት ጠያቂው የመጣው ከ113 ዓመት በኋላ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ የጂዛን ክልልና በየመን ቆላ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። ከዚያ በፊት በሽታው ከአፍሪካና ከአካባቢዋ ደሴቶች ወጥቶ አያውቅም። በኬንያ ናይቫሻ አቅራቢያ ተጠንቶ ስም ከወጣለት ሰባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ጎርፍ ከቆመ በኋላ ትንኝ ይፈላል፤ ያረገዙ በጎች በአንድ ሰሞን ይጨነግፋሉ፣ ግልገል ይረግፋል፣ አራጁና እረኛው ይታመማሉ። በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታትም ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን ከብት፣ በግና ፍየል አገዱ፤ ኢትዮጵያም ከታጋጆቹ አንዷ ሆነች።

ኢትዮጵያ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ በሽታ የተመዘገበ ወረርሽኝ አልነበራትም። የታገደችው በጎረቤቶቿ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጂዛን ላይ የተገኘው ቫይረስ በ1990 ዓ.ም. በኬንያና በሶማሊያ ከተነሣው ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑ በምርመራ ታወቀ። ሳዑዲ ያኔም ለአንድ ዓመት ያህል በሯን ዘግታ ነበር። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሚነሣው ከብት አብዛኛው በበርበራ ወደብ የሚያልፍ ስለነበር፣ ለገዢው «የኢትዮጵያ» እና «የሶማሊያ» የሚለው ልዩነት ከወረቀት አያልፍም ነበር።

አቤቱታስ ወዴት ይቅረብ? የዓለም ንግድ ድርጅት በእንስሳት ጤና ሰበብ ለሚጣል እገዳ ሳይንሳዊ ማስረጃ ይጠይቃል። ሳዑዲ ግን ድርጅቱን የተቀላቀለችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. የአባልነት ማመልከቻ እንኳ አላስገባችም። ስለዚህ ዳኛ የለም፤ የቀረው ደጅ መጥናት፣ የገዢውን አገር የእንስሳት ሐኪሞች ጋብዞ ቄራና ማቆያ ማሳየት ነበር።

ለድርድሩ መንገድ የሚሰጥ ደንብ ግን ነበረ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ሥጋንና ነፍስ ያለውን ከብት ለይቶ ያያል። የታረደው ሥጋ ከ2 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ 24 ሰዓት ሲሰቀል፣ ጡንቻው ውስጥ አሲድ ይጠራቀምና ቫይረሱን ይገድለዋል። አንድ ሌሊት መንጠቆ ላይ ያደረ በግ ቆሞ ከሚሄደው በግ ይልቅ ዲፕሎማቱን ያግዘዋል ማለት ነው። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው በአውሮፕላን ሥጋ የሚልኩት በዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው።

ጎንደር ግን ከዚህ መስመር ሩቅ ናት። የደጋው በሬ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከዚያ ድልድዩን ሲሻገር የሱዳኑ ጋላባት ነው። በ2000 ዓ.ም. መባቻ ትኩሳቱ በሱዳን ነጭ ዓባይ፣ ሰናርና ጀዚራ ተነሣ፤ እስከ ጥር ድረስ 738 ሕሙማንና 230 ሟቾች ተመዘገቡ። ሳዑዲም የሱዳንን ከብት አገደች። ገዢው ራሱ የታገደ ነጋዴ ሲሆን የጎንደር ሻጭ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀላት። ያ የምስክር ወረቀት በትንኝ ለሚመጣው በሽታ አይሠራም።

ሳዑዲ የሶማሊያን ከብት እገዳ ያነሣችው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት ከዘለቀ በኋላ ነው። ቁልፉ የሳዑዲ ባለሀብት በርበራ ላይ የከፈተው ማቆያ ነበር፤ ከብቱ እዚያ ደሙ ይመረመራል፣ ቀኑ ይቆጠርለታል፣ ከዚያ ይጫናል። መተማም የኳራንቲን ጣቢያ ተሠርቶላታል። የጎንደር በሬ ግን በርበራን አያውቃትም፤ የሚሻገረው ያችኑ የጋላባት ድልድይ ነው።